ማንም ያላረደው ዓሣ

የካቲት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ
መተማ ዮሐንስ

ከነገ ወዲያ ጾሙ ይገባል። ለሌላው ሰው የሆድ መከራ ነው፤ ለእኔ ግን መኸሬ ነው። ዓመቱን ሙሉ ምግብ ቤቴን የሚያቆማት ይኸ ሁለት ወር ነው። ቄሶቹ በዐቢይ ጾም ዓሣ አይበላም ይላሉ፤ የመተማ ሰው ግን ‘ዓሣ የጾም ነው’ ብሎ ከጥንት ተስማምቷል። እኔም አልከራከርም። ከደንበኛ ጋር ማን ይከራከራል?

ባለቤቴ ያረጋል ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሽንፋ ነው። ወንዙ በበጋ ይቆራረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ዓሣውም እዚያ ይታጎራል። ያረጋል መረብ ይጥላል፣ ሾፌሩ ወንድዬ በአይሱዙው ግማሽ ቀን ነድቶ ያመጣልኛል፣ እኔ እዚህ ድልድዩ አጠገብ እጠብሳለሁ። ይኸው ነው ኑሯችን። ያረጋል ከሌለ የማወራው ሰው የለኝም፤ ለዚህ ነው መጻፍ የጀመርኩት። አብሳዬ አገኘሽ አለች፣ ግን ለእሷ የነገርኩት ሁሉ በማግስቱ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ማዶ ይሰማል።

ዘንድሮ ግን ልቤ አላረፈም። ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች በኩል በሰሊጥ ትል መድኃኒት የተገደለ ዓሣ በልተው የታመሙ አሉ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እግዜር ይወቀው። ትናንት ሦስት ሰው ገብቶ ዓሣው መቼ እንደሞተ ጠየቀኝ። መቼ እንደሞተ! እኔ የዓሣ ልቅሶ ቤት ውዬ አላውቅ፣ በምን አውቃለሁ? ሦስቱም ሻይ ጠጥተው ወጡ።

የካቲት 16፣ ሰኞ

ዘዴ አገኘሁ! በወንድዬ ላክሁበት፦ ከእንግዲህ የሞተ ዓሣ አልቀበልም፣ ሁሉም በሕይወቱ ይምጣ። ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሜል አፉን አስቆርጬ በሬ ላይ አቆምሁና ውሃ ሞላሁበት። ደንበኛው ራሱ አይቶ ይምረጥ። ሲዋኝ ያየውን ዓሣ ማን ‘ተመርዟል’ ይለዋል?

ይኸን ያሰብሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም። አገኘሽ ‘አይ አንች፣ ጭንቅላትሽ እኮ ቢማር ሚኒስትር ይሆን ነበር’ አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ወንበር ጠፋ። ከጎረቤት ሁለት አግዳሚ ተዋስሁ። ሰዉ በርሜሉን ከቦ ‘ያንን፣ ያንን ወፍራሙን’ ይላል፤ አገኘሽ እጇን ትከትና እየተንፈራገጠ ታወጣለታለች። እሰይ!

ጋሽ ባየልኝና ዓሊም መጡ። ጋሽ ባየልኝ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ በዚህ ከተማ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚታረቅ። ዓሊ ከጋላባት ነው፤ ሸቀጥ ያመላልሳል፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ሃያ ዓመት ተዋውቀዋል። በግ ሲሆን፣ ዶሮ ሲሆን የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የሙስሊም ሥጋ አለ። ዓሣ ግን አራጅ የለው፣ ባራኪ የለው። ከውሃ ወጣ፣ ሞተ፣ ተጠበሰ። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት እኔ ቤት ብቻ ነው፤ ሰዉም እነሱን አይቶ ነው የሚገባ።

ዓሊ ‘ጋሽ ባየልኝ፣ ጾም እያሉ ሁለት ዓሣ? እኔ ረመዳን ላይ እንዲህ ብበላ እናቴ ከቤት ታባርረኛለች’ አላቸው።

‘ዝም ብለህ ብላ! አንተ ቀን ብትጾም ማታ ታካክሰዋለህ። እኔ ቀንም ሌትም ሽሮ ነው የሚያየኝ’ አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እግዜር ይመስገን። እስከ ፋሲካ እንዲህ ከቀጠለልኝ ሌላ ምንም አልለምንም።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሙቀቱ ለጉድ ነው። በርሜሉ ጥላ ላይ ቢሆንም ከአራት ሰዓት በኋላ ውሃው ለብ ይላል። ያኔ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ይመጡና አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ደንበኛ ይኸንን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ‘ሕያው ነው’ ይላል። ሕያውስ ሕያው ነው።

አገኘሽ ቅርፊቱን ስትፍቀው ገና ይንቀሳቀሳል። ዛሬ አንዱ ግማሽ ጎኑ ተፍቆ ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ፤ አመድ ለአመድ ተንከባለለ። ‘ቆይ እስኪ ይሙት’ አልኋት።

‘ኧረ ወዲያ! ደም የሌለው ነገር ምን ያመዋል? ደግሞ ሰዎቹ እያዩ ነው፣ የሞተ መስሎ ቢታያቸውስ?’

ልክ ናት። እኔ ገበታ ላነሳሳ ገባሁ።

ሰሞኑን ዓሣ አልቀምስም። ዘይቱ ነው መሰለኝ፣ ይከብደኛል።

የካቲት 26

የውሃ ጋሪ አልመጣም። መብራትም የለም። ሁለት ጀሪካን ከጎረቤት ለምኜ በርሜሉ ላይ ጨመርሁ። ቸኩያለሁ።

የካቲት 29፣ እሑድ

ያረጋል መጣ። ከወንድዬ ጎን ተቀምጦ አልነበረም፤ ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ፣ የዓሣዎቹን በርሜሎች በሁለት እጁ አቅፎ ነው የመጣ። ፊቱ ከስቷል። ‘ምነው ከፊት አልተቀመጥህም?’ ብለው ‘ውሃው እየተደፋ አፈሩ ላይ ይወድቃሉ’ አለኝ። ሰላም ነሽ እንኳን ሳይለኝ ስለ ዓሣ!

ከምሳ በኋላ ነገረኝ። ወንድዬ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው። እስኪመጣ በሕይወት እንዲቆዩ የእያንዳንዱን መንጋጋ በመርፌ ወግቶ ሲባጎ ያሳልፍና በግንድ ላይ አስሮ ኩሬው ውስጥ መልሶ ይለቃቸዋል። ይዋኛሉ፣ ገመዱ ይመልሳቸዋል፣ ደግሞ ይዋኛሉ። ኩሬው በየቀኑ ይጎድላል። አንዳንዱ መንጋጋው ተቀዶ ያመልጣል፤ ያመለጠውም ያው እዚያው ኩሬ ውስጥ ነው፣ ወዴት ይሄዳል?

‘መቅዲ፣ ለምን በሕይወቱ?’ አለኝ።

‘ደንበኛ ነዋ! እኔ ወድጄ ይመስልሃል?’

‘እኛ ጣና ዳር ዓሣ ስናወጣ እንዲህ አይደለም።’

‘ታዲያ ጣና ሂዳ!’ አልሁት። ምን አናገረኝ? ሰባት ሳምንት ያላየሁትን ሰው! እሱ ተነስቶ የበርሜሉን ውሃ ሲቀይር ዋለ። ማታም ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ጠዋት ከወንድዬ ጋር ይመለሳል።

በርሜል ማቆሙ የእኔ ሐሳብ መሆኑን አልነገርሁትም። ያውቃል መሰለኝ።

መጋቢት 3

የበርሜሉን ቦታ ላዛውረው። መኝታ ቤቴ ግድግዳ ሥር ስለሆነ በጭራቸው ሲመቱት ይሰማኛል። ቀን አረፍ ልበል ብል ዶብ፣ ዶብ። እንቅልፍ ካጣሁ ደግሞ ራሴን ያመኛል። ሌላ ምንም አይደለም፣ ድምፁ ነው።

መጋቢት 4

አዛወርሁት። አሁንም ይሰማል።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

የዛሬው ጭነት ግማሽ ነው። ወንድዬን ‘የት አደረሳችሁት?’ ብለው ጉሮሮውን ጠረገ።

‘እኔን አትጠይቂኝ፣ እትዬ መቅዲ። ባልሽን ጠይቂ።’

‘ሴት ይዟል?’ ሽንፋ ጠላ ቤቱ ብዙ ነው፤ ስንት ቀን ሳስበው ሰነበትሁ፣ አፈነዳሁት።

ወንድዬ ሳቀ። ‘ሴትማ ቢይዝ ይሻል ነበር። የታሰሩትን እየዞረ ያያል፤ የደከመውን ሲባጎውን ይፈታና ይለቀዋል። አንዳንዱንም አናቱን በዱላ ይለውና ቀብሮት ይመጣል። ስጭንለት “ይኸኛው መንገዱን አይችለውም” እያለ ያስቀራል። እዚያ ያሉት አጥማጆች ይስቁበታል።’

እኔ እዚህ በሰው ፊት ‘አለቀ’ እያልሁ ስሸማቀቅ፣ እሱ እዚያ ዓሣ ይፈታል! ሴት ቢሆን እንኳ ተጣልቼ፣ አልቅሼ፣ ሽማግሌ ልኬ እመልሰው ነበር። ይኸንን ለማን ከስሼ? ሲመሽ ግን ንዴቴ በረደና አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ያረጋል እዚያ ይኸ ነገር ሲከብደው ለማን እንደሚጮህ አያውቅም ይሆናል። እኔስ ለማን ነው የምጮኸው?

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ወይ ጣጣዬ። ወይ ምላሴ። ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መብራት የለም፣ ነፋስ የለም፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይ። አገኘሽ ገበያ ወጥታለች። በርሜሉ ጋ ሄድሁ። ውሃው እንደ እግር መታጠቢያ ሞቋል። ስምንቱም ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለቱ በጎናቸው ተኝተዋል። አንዱ መንጋጋው እስከ ዓይኑ ተቀዷል፤ እሱም ይከፍታል፣ ይዘጋል። ምሳ ሰው ለመምጣት ገና አንድ ሰዓት ይቀራል። አንድ ሰዓት እንዲህ!

ደረቴ ተዘጋ። ሙቀቱ ነው ብዬ ጥላ ውስጥ ገባሁ። ተመልሼ ወጣሁ። ቢላውን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። የመጀመሪያውን ያዝሁና ቢላውን ጉሮሮው ላይ ሳሳርፍ ‘በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ’ አልሁ። ሰው ሲደነግጥ እንደሚለው ነው ያልሁት! ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ስምንቱንም። ፈጥኖ ነው የሚያልፍ፤ ለካ ፈጥኖ ነው። በረዶ ሳጥን ውስጥ ደረደርኋቸው። በርሜሉ ጸጥ አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከበጋው መግቢያ ጀምሮ እንደዚያ ተንፍሼ አላውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ባየልኝና ዓሊ መጡ። ‘በርሜሉ ባዶ ነው እኮ’ አሉ። ‘አሁን ነው የወጡት፣ ትኩስ ናቸው’ አልሁ፤ እነሱ ያምኑኛል። ሙሉ ጥብስ ቀረበ። ጋሽ ባየልኝ ሊቆርሱ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የዓሣውን አንገት በጣታቸው ገለጥ አደረጉት።

‘መቅዲ። ይኸ ምንድን ነው?’

‘ቢላ ነው።’

‘እሱማ ቢላ ነው። ታርዷል እንዴ?’

ዓሊ ቀና አለ። ‘ማን ነው ያረደው?’

መረቡ ቆርጦት ነው ማለት ይቻል ነበር። ድንጋይ ነው፣ አይጥ ነው ማለት ይቻል ነበር! እኔ ግን ‘እኔ ነኝ’ አልሁ።

‘አንች?’ አሉ ጋሽ ባየልኝ።

‘እንዳይሰቃዩ ብዬ… ፈርቼ… በስመ አብ ብዬ ነው እኮ፣ እንዲሁ አይደለም!’

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዶሮዬን ለማሳረድ እንኳ መንገደኛ ወንድ የምለምን ሴት ነኝ፤ በዚህ አገር ሴት ያረደችውን ማን ይበላል? ያውም በዐቢይ ጾም፣ ደም አፍስሳ! ዓሊ ደግሞ በእኛ ስም የታረደ አይበላም። እጁን ቀስ ብሎ ከትሪው አነሳና ‘ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ’ አለ። ጋሽ ባየልኝ ‘እኔስ ብሆን ምን አፍ አለኝ?’ አሉ። ተያዩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ያበላ ዓሣ ዛሬ ለሁለቱም የማይበላ ሆነ። ሌላው ገበታ ሰምቶ ትሪውን ገፋ።

አገኘሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዱን በሕይወቱ ስትቀድደው ማንም ‘ማን አረደው’ አላለም። ሆድ ሲቀደድ ሥራ ነው። አንገት ሲነካ እርድ ነው። ይኸንን እንዴት አላሰብሁም? እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ!

መጋቢት 11

ለምሳ ሁለት ሰው። ሁለቱም መንገደኛ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እኔ የሚወራውን የሰማሁት ከወንድዬ ነው። አብደራፊ ድረስ ደርሷል። ‘መተማ አንዲት ሴት ዓሣ ባረከች’ ይላሉ። አንዱማ ‘ቆብ ደፍታ ነበር’ ብሏል አሉ። ወንድዬ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ገባሁ። ሽንኩርቱን ሳልከትፍ ዓይኔ ቀልቶ ወጣሁ።

ሰዉ በቤቴ ፊት ያልፋል። ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ‘እንደምን ዋልሽ’ ይላሉ፤ ግን እግራቸው አይቆምም። እታች ያለው ሆቴል በርሜል አቆመ። ሁለት በርሜል።

አገኘሽ ‘እኔም ልጅ አለኝ፣ እንግዲህ እዚያ ከጠሩኝ…’ ብላ ጀምራ ተወችው።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ቄስ አዛናውን ልጠይቅ ሄድሁ።

‘እኔ ከመጀመሪያውም በጾም ዓሣ አትብሉ እላለሁ። አልሰማችሁኝም። አሁን ደግሞ እንዴት ሞተ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ?’ አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

‘አባ፣ አጥፍቻለሁ?’

‘ለፍጥረት ስላዘንሽ እግዜር አይቀየምሽም። ገበያሽን ግን እኔ ልመልሰው አልችልም፤ እሱ የሰው ነው።’

መስቀል ተሳልሜ መጣሁ። ቀልሎኝ ነበር፤ በሬ ላይ ስደርስ ባዶውን ወንበር አየሁና ተመልሶ ከበደኝ። የቤቱ ኪራይ፣ አገኘሽ፣ ያረጋል፣ ሁሉም በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። ፋሲካ ሳይደርስ ሰው ካልመጣ መዝጋቴ ነው። ምን ነበረበት ዓይኔን ጨፍኜ ብውል? አንድ ሰዓት ነበር የቀረው።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ያረጋል ወሬውን ሰምቶ መጣ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፣ አየኝ፣ ከዚያ ‘ስምንቱንም?’ አለ።

‘ስምንቱንም።’

‘አንቺ ብቻሽን?’

አለቀስሁ። ገና ስንጋባ እንደሚያደርገው ራሴን ወደ ትከሻው ወሰደው። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ግድ አላልሁም።

ከዚያ ያረጋል የያዘውን አጭር ዱላ አሳየኝ። አባቱ ጣና ላይ ዓሣ ከመረብ እንዳወጣ አናቱን አንዴ ይለው ነበር። ‘ደም የለ፣ ቢላ የለ፣ ስም የሚጠራ የለ። አያውቀውም እንኳ፣ ይተኛል። ይኸንን አስቀድሜ ባሳይሽ ኖሮ ማንም አይጠይቅሽም ነበር’ አለኝ። ለምን አላሳየኸኝም አላልሁትም። ስለ ጣና ሊነግረኝ የጀመረ ቀን ምን እንደመለስሁለት አስታውሳለሁ።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ

ጋሽ ባየልኝ መጡ፣ ለሽምግልና። በወንበር ተቀመጡ እንጂ ምንም አልቀመሱም።

‘ልጄ፣ እኔና ዓሊ ተነጋግረናል። እሱም ከፍቶታል፤ እኔም ብሆን ብቻዬን መብላት አልወደድሁም። ሰኞ በርሜሉን ሙይው። ሁለታችን በሰው ፊት እንበላለን። ሰው እኛን ካየ ይመለሳል።’

እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። ‘ምን ላድርግ?’

‘ምንም አታድርጊ። እሱ ነው ነገሩ። አንችም፣ ባልሽም፣ አብሳይሽም፣ አንድ እጅ አይንካው። ከውሃ ይውጣ፣ ገበታ ላይ ይቀመጥ፣ በራሱ ጊዜ ይሙት። ከዚያ ወዲያ ቢላው የራስሽ።’

ያረጋል ከጓሮ ሰምቶ ገባ። ‘ጋሼ፣ በዱላ አንዴ ብመታውስ? ደም የለውም።’

‘አይሆንም ልጄ። ጊዜው ክፉ ነው፣ አሁን ሰዉ እጅ እጅ ነው የሚያየው። “እሷ አረደች፣ እሱ ቀጠቀጠ” ይባላል።’

እሺ አልሁ። ያረጋል ዱላውን ይዞ ወደ ጓሮ ተመለሰ። እኔ ነኝ እሺ ያልሁት።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ቤቱ ሞላ። ይኸን አስቀድሜ ልጻፈው። ሞላ፣ ተርፎ በር ላይ ቆመ፤ አገኘሽም አልሄደችም፤ ወንድዬም ለነገ ሁለት ጭነት ታዟል። ጭንቀቴ ሁሉ ለዚህ ነበር፤ ይኸው ሆነልኝ።

ጋሽ ባየልኝ ነጭ ለብሰው መጡ። ዓሊ ሙዝ ይዞልኝ መጣ። ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። አገኘሽ ትልቁን የቆሮሶ ዓሣ ከበርሜሉ አውጥታ ትሪ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፣ ሁሉም እንዲያይላት። ያረጋል ዱላውን ብብቱ ሥር ይዞ በሩ ጋ ቆሟል።

ዓሣው መጀመሪያ ዘለለ። ከትሪው ወደቀ፤ ዓሊ በሌላ ትሪ ጫፍ ገፋ አድርጎ መለሰው። ደግሞ ዘለለ። ከዚያ መዝለሉን ተወና አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ጋሽ ባየልኝ ስለ ሰሊጥ ያወሩ ጀመር፤ ዘንድሮ ዝናቡ ቢፈጥን፣ ምንጣሮው ቢያልቅ። ዓሊ ‘አዎ፣ አዎ’ ይላል፣ ግን መቁጠሪያውን ቶሎ ቶሎ ያዞራል። ወሬው አለቀባቸው። ዓሣው አላለቀም። ጋሽ ባየልኝ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው ወደ መንገዱ ዞሩ። ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እያለ የዓሣው አፍ ጧ፣ ጧ ሲል ይሰማል።

‘ሞተ?’ አለ አንዱ።

‘ገና ነው፣ መተንፈሻው ይነቃነቃል።’

ያረጋል ‘አባቶቼ፣ ስለ እመቤቴ፣ አንዴ ልምታው’ አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ጋሽ ባየልኝ ሳይዞሩ ‘ይኸን ሁሉ ሰው የሰበሰብነው እኮ እጅ እንዳልነካው እንዲያይ ነው’ አሉ። ያረጋል እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ። ወጣ። የት እንደሄደ እስካሁን አላውቅም፤ ወንድዬ ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ላይ አይቸዋለሁ ይላል።

እኔ ቆምሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ነኝና ወዴት እሄዳለሁ? ቆሞ የነበረው ሰው ተቀመጠ፤ አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። አንዴ ቆመ ሲባል ደግሞ ጅራቱን አነሳ። በመጨረሻ ዓሊ ጎንበስ ብሎ አየና ‘ኸላስ’ አለ። ‘ማንም አልነካውም።’

ጋሽ ባየልኝ ዞሩ፣ አማተቡ። ‘በራሱ ጊዜ አረፈ’ አሉ። ሁሉም ሰው በአንድ ላይ ተነፈሰ። አገኘሽ ወሰደችው፣ ጠበሰችው፣ ቀረበ። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ቆረሱ፤ ሳቅ ተመለሰ፤ ከየወንበሩ ‘ለእኛም!’ ይባል ጀመር። ዓሊ እንዲያውም ‘ወላሂ፣ እንዲህ የሚጥም በልቼ አላውቅም’ አለ።

ከዚያ ጋሽ ባየልኝ ጠሩኝ። ‘መቅዲ፣ ነይ። ያለ ጉርሻ እርቅ የለም።’ ከጎኑ ነጩን ሥጋ ፈልፍለው፣ በእንጀራ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ዘረጉ። ‘ያመኛል’ ልል ነበር። ‘ጾም ነኝ’ ልል ነበር፤ ዓሣ ነጋዴ ምን ብላ ትጾማለች? ቤቱ ሁሉ ያየኛል። በእውነት ወደውኝ ነው፤ ፊታቸው ላይ ፍቅር እንጂ ሌላ አልነበረም።

አፌን ከፈትሁ። አጎረሱኝ። ዋጥሁት። ሰዉ አጨበጨበ።

‘አንድ ያጣላል!’ አሉና ጋሽ ባየልኝ ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ደግሜ ከፈትሁ።